የሃያ አንድና የሃያ ሰባት ዝናብ

መሠረት ኮምፒውተር የነካችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ደብረ ታቦር ውስጥ ባለው መሥሪያ ቤቷ፣ መዝገብ ቤት ተቀምጣ ፋይል ስታወጣና ስትመልስ ኖራለች። ተወልዳ ያደገችው ጋፋት ነው። አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣላትም። አንድ አጥቢያ ስለሆንን ብዙ ጊዜ አውርተናል፤ ስለዚያ ነገር ግን «አልተፈቀደልኝም ነበር» ከማለት በቀር ስታማርር ሰምቻት አላውቅም።

ኮድ መጻፍን ቁጭ አድርጎ ያስተማራት ሰው የለም። አንድ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ትቶት የሄደ፣ ስለ ኮድ አጻጻፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ አገኘች። ኔት በተቋረጠባቸው ወራት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ መዝገበ ቃላት ከጎኗ አድርጋ በቀን አንድ ገጽ እያለች ጨረሰችው። አንዳንዱ ገጽ ሳምንት ይፈጅባት ነበር። ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር «ተመስገን» ብላ ቀኑን ደብተሯ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ሌላው ሰው በጣቱ እየቆጠረ ሳምንት የሚፈጅበትን ሠንጠረዥ በአሥር መስመር ትእዛዝ የምትደምርና የምታርም ሰው ሆነች። «የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ» ይሏት የነበሩ ሰዎችም «እትዬ መሠረት፣ እስቲ ይችን እይልን» ማለት ጀመሩ።

ባለፈው ታኅሣሥ መጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ ደምሴ አንድ ሥራ ይዞላት መጣ። ደምሴ ገና ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ልቡ ቅን፣ እግሩ ግን ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። የያዘው የአሥራ አንድ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች የሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ነበር። ጣቢያ ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። በአንድ ገበሬ ጓሮ፣ በሽቦ አጥር ውስጥ የቆመ የቆርቆሮ መቀበያ ነው። ገበሬው ጧት ጧት በሦስት ሰዓት የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ባለው ብርጭቆ ይለካል፤ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይጽፋል፤ በወሩ ቅጹን ይልካል።

«እትዬ መሠረት፣ ባዶ ሳጥኖቹን ሙይልኝ» አላት። «ከላይ ያሉት ባዶ ያለበት ሠንጠረዥ አንቀበልም ብለዋል። ደግሞም ባዶው ከመቶ አምስት የሚበልጥ ጣቢያ ይዘጋል፤ መለኪያው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል። የሚዘጋውን ለይተሽ ከነጠባቂው ስም ስጭኝ።»

መሙላቱ ለመሠረት ከባድ አልነበረም። «ባዶ ካገኘህ የዚያን ወር አማካይ አስገባ» የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች፤ ኮምፒውተሩ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ሁሉንም ሞላው። ከአሥራ አንዱ አሥሩ ባዷቸው ጥቂት ነበር። አንዱ ብቻ፣ የገሳዩ፣ ከመቶ ሰባት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የሚዘጋ በሚለው ወረቀት ላይ «ገሳይ፣ ሙላቴ አዳነ» ብላ ጻፈች።

ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት ግን ልማዷ ነውና የየዓመቱን ድምር አየች። አሥሩ ጣቢያዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀራራቢ ነበሩ። ገሳይ ከሞላችው በኋላ በየዓመቱ ከጎረቤቶቹ በዘጠና፣ በመቶ ሚሊ ሜትር በለጠ። ከመሙላቷ በፊት ያለውን ድምር ብታይ ደግሞ ከአንድ ዓመት በቀር ከእነሱ ጋር እኩል ነበር። እዚህ ላይ ቆመች። ሰውዬው ሰነፍ ቢሆንና የዘለላቸው ቀናት ውሃ ቢጠፋ ኖሮ፣ ድምሩ መጀመሪያ ማነስ፣ ሲሞላ መስተካከል ነበረበት። ሳይሞላ የተስተካከለ ከሆነ፣ ጠፋ የተባለው ዝናብ እዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ቦታ አለ ማለት ነው።

ለደምሴ ነገረችው።

«ወይ ይተኛል፣ ወይ ከራሱ እየፈጠረ ይጽፋል» አለ። «ይዘጋ። ምን ያደክምሻል?»

«የሰው ስም እኮ ነው የጻፍሁት። ሄጄ ልጠይቃቸው።»

«አበል የለኝም።»

«አበል መቼ ጠየቅሁዎት? ቅዳሜ በራሴ እሄዳለሁ።»

«እሺ፣ እስከ ሰኞ። ሰኞ ዝርዝሩ ይላካል።»

ቅዳሜ ጧት በሚኒባስ ገሳይ ወረደች። ገብስ የሚወቃበት ጊዜ ስለነበር መንገዱ ዳር ሁሉ ገለባ ነው። የሙላቴን ቤት ማንም አላጣውም፤ «የዝናቡ ሙላቴ» እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ አሳለፏት። ሰውዬው ስድሳ አምስት ዓመት ያልፋቸዋል፤ ቀጭን ናቸው፤ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ስለነበሩ የእጅ ጽሑፋቸው የብራና ይመስላል። ከየት እንደመጣች ስትነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ቆርቆሮውን ልትነቅይ ነው?»

«ንቀይልኝ እንጂ!» አሉ ባለቤታቸው ዓለሚቱ ከጓዳ ሆነው። «ሃያ ሁለት ዓመት ጣውንት ሆኖብኛል። ሌሊት ዘንቦ እንደሆነ እኔን እንዴት አደርሽ ሳይል ወደ እሱ ነው የሚሮጠው።»

«ዝም በይ አንቺ» አሉ ሙላቴ። አልሳቁም። ወደ መሠረት ዞረው፣ «ከተነቀለ ያገሬ ሰው ምን ይለኛል? ወይ ሰነፈ፣ ወይ ዋሸ ነው የሚለኝ። ሰኔ በገባ ቁጥር ገበሬው አጥሩ ጋ ቆሞ፣ ‹ሙላቴ፣ ካምናው እንዴት ነው?› ይለኛል። የእኔን ቁጥር አምኖ ነው ዘሩን የሚበትነው። ከዚህ ወዲያ ምን ሥራ አለኝ?»

«አያ ሙላቴ፣ ልነቅል አልመጣሁም። ደብተርዎን ያሳዩኝ ብዬ ነው።»

ዓለሚቱ ትኩስ የድንች ቅቅል ከአዋዜ ጋር አቀረቡ። ሙላቴ ከመደቡ ሥር ካለው ሳጥን በላስቲክ የተጠቀለሉ ደብተሮች አወጡ፤ ወደ ቢሮ ከሚልኩት ቅጽ ሌላ ለራሳቸው የሚያስቀሩት ነው።

ቢሮ ባለው ሠንጠረዥ ቀኑ ሁሉ ከብዙ ዓመት በፊት በነበረ ጸሐፊ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተለውጧል። እዚያ ላይ የገሳይ ባዶዎች ጁላይ 28፣ ኦገስት 3፣ ኦገስት 27 እያሉ የተበተኑ ናቸው፤ መሠረት መልክ ብትፈልግላቸው አጥታለች። የሙላቴ ደብተር በእኛ ቀን ነው የተጻፈው። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች፤ ባዶው ሐምሌ 21 ነው። ቀጥሎ ሐምሌ 27። ገለጠች፤ ነሐሴ 21፣ ነሐሴ 27። የሌላውን ዓመት አነሣች፤ እንዲሁ ነው። ጣቷ ደብተሩ ላይ እንዳለ ቀና አለች።

«አያ ሙላቴ፣ በማርያምና በመድኃኔ ዓለም የት ነው የሚውሉት?»

«የተማርሁበት ደብር ነዋ። ማርያም ናት፤ መድኃኔ ዓለም በደባልነት አለባት። ልጃችንን ትዝታን እዚያ ተስለን ነው ያገኘናት። ከዚህ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ሳይነጋ እወጣለሁ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ።»

«ታዲያ ሲመለሱ ለምን አልለኩትም?»

«ያሠለጠነን ሰው ‹በሦስት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ እንዳትጽፉ› ብሎናላ። አልጻፍሁም።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው ምን ይሆናል? እዚያው ያድራል። በማግሥቱ በሦስት ሰዓት ሁለቱን ቀን አንድ ላይ እለካዋለሁ። ጠብታ አላፈሰስሁም።»

መሠረት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ለሃያ አንደኛው ቀን ባዶ ሳጥን አማካይ ስትሰጠው፣ የዚያ ቀን ዝናብ ለካ በማግሥቱ፣ በሃያ ሁለተኛው ቀን ሳጥን ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል።

«ሁለት ጊዜ አዘነብሁብዎት» አለች። «የሁለት ቀን መሆኑን ግን ምነው ቢጽፉት?»

«ቅጹ ላይ የት ልጻፈው? አንድ ቀን፣ አንድ ሳጥን ነው።»

«እኔ ስንቴ ‹ልየው› ብዬዋለሁ» አሉ ዓለሚቱ። «እኔ እዚሁ አጥቢያችን አስቀድሼ ከሦስት ሰዓት በፊት ቤቴ ነኝ። ‹ያልሠለጠነ አይነካውም› ይለኛል። ሥልጠናው ሁለት ቀን ነበር፤ አንዱን ቀን ምሳ ሲበሉ ነው የዋሉት!»

ይህን ጊዜ ሙላቴም ሳቁ።

አንድ ደብተር ላይ ግን ሌላ ባዶ ነበረ። የ2008 ነሐሴ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን በተከታታይ። መሠረት ጠየቀች።

«ታይፎይድ ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር» አሉ ሙላቴ። «እሷም አጠገቤ ነበረች። ስመለስ መቀበያው ሞልቶ ፈስሷል። ስንት እንደነበር ስለማላውቅ ደፋሁት። እሱ ጠፍቷል። ጠፋ ብለሽ ጻፊው።»

መሠረት ከመሄዷ በፊት ዓለሚቱን ይዛ ወደ አጥሩ ወጣች። ዝናብ ስላልነበረ ከእንስራ ውሃ እየቀዳች ወደ ብርጭቆው ጨመረች፤ ውሃው ጠርዙ ላይ ከፍ፣ መሐሉ ላይ ዝቅ እንደሚል፣ የሚነበበውም ዝቅ ያለው እንደሆነ አሳየቻቸው። ዓለሚቱ አምስት ጊዜ አነበቡ፤ አራቱን አገኙ። ስድስተኛውን ሙላቴ ራሳቸው ቀድተው ፈተኗቸው፤ አገኙት።

እሑድን ሥራ አልነካችም። ሰኞ ጧት ግን ጽዳት ሠራተኞቹ ሳይወጡ ቢሮ ገባች። መጀመሪያ ቀኖቹን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልስ ትእዛዝ ጻፈች። ቀጥላ፣ «የገሳይ ባዶ ሃያ አንድ ወይም ሃያ ሰባት ላይ ከሆነ፣ የማግሥቱን ቁጥር ውሰድና ለሁለቱ ቀን አካፍል፤ ጎረቤት ጣቢያው በሁለቱ ቀን በዘነበበት መጠን አካፍል፤ ጎረቤቱ ካልዘነበበት እኩል አድርግ፤ ከውጭ ምንም አትጨምር» አለችው። ከሠንጠረዡ ጎን አንድ ዓምድ ጨመረች፤ እያንዳንዱ ቁጥር የተለካ፣ የተካፈለ ወይም የጠፋ መሆኑን የሚናገር። ድምሩን ስታሠራው ከ2008 በቀር ገሳይ ከጎረቤቶቹ ጋር ተስተካከለ፤ ትልቁ ልዩነት ስድስት ሚሊ ሜትር ነበር። ወንበሯ ላይ እንዳለች ጎንበስ ብላ አመሰገነች።

ደምሴ ሲገባ ሁሉንም አሳየችው። በስልኳ ያነሣችውን የደብተሩን ገጽ እያሰፋ ሐምሌ 21ን አየ፣ ሐምሌ 27ን አየ፤ ለራሱ ፈገግ አለ።

«ለካ ሰውዬው ሲሳለሙ ነው የከረሙት! እሺ፣ አሥራ ዘጠኙንም በአማካይ ሙይና እንጨርስ።»

«እሳቸው ጠፋ ብለዋል።»

«ከላይ ባዶ አንቀበልም ብለዋል አልሁሽ እኮ።»

«እሺ፤ ከጎረቤት ጣቢያ ተነሥቼ እሞላዋለሁ። ግን ከእያንዳንዱ ጎን ‹ግምት› ተብሎ ሳይጻፍ ከእጄ አይወጣም። አቶ ደምሴ፣ ከስምንት ሺህ ቀን በእውነት የጠፋው አሥራ ዘጠኝ ነው። ከመቶ አንድ እንኳ አይሆንም።»

«አንቺ ሴትዮ መመንኮስ ነበረብሽ» አላት። ተቀመጠ፤ የሚዘጋ የሚለውን ወረቀት አነሣ። «ግን የሚመጣውስ? ሃያ አንድ ሲደርስ እንደገና ባዶ ሊልኩልን ነው?»

«ባለቤታቸው ይለካሉ።»

«ሠልጥነዋል?»

«ቅዳሜ አሠልጥኛቸዋለሁ። የጎደለ ካለ እርስዎ ይጥሯቸውና ይፈትኗቸው።»

ደምሴ እስክሪብቶ አወጣና ገሳይን ሰረዘ። የጣቢያው ሁለተኛ መዝጋቢ በሚለው ቦታ ላይም የዓለሚቱን ስም ከነአባታቸው ጠይቋት ጻፈ።

ጥር ሃያ አንድ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ሙላቴ እንደ ልማዳቸው ሳይነጋ ወጡ። ዓለሚቱ አጥቢያቸው አስቀድሰው፣ ዝክሩን ሳይጠብቁ ተመለሱ። ከሰዓት ሙላቴ ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ጠየቁ።

«ስንት ሆነ?»

«በጥር ምን ስንት አለው? ጠብታ የለም።»

«ባዶ ተውሽው?»

«ለምን እተወዋለሁ? በሦስት ሰዓት ወጥቼ አይቻለሁ። ዜሮ ጻፍሁ።»

ሙላቴ ደብተሩን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ሄዱ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የሃያ አንድ መስመር ሲጻፍበት የመጀመሪያው ነው። ዜሮዋ ከሌሎቹ ቁጥሮች ሁሉ ገዝፋ የላይኛውን መስመር ነክታለች።

«ትንሽ ተልቃለች» አሉ።

«የከተማዋ ልጅ ከሩቅ እንድታያት ነው» አሉ ዓለሚቱ።