በነፋሱ በኩል ቁሚልኝ

መቀሌ ሮማናት አደባባይ አጠገብ በምሠራበት ካፌ የበሩን መስታወት ስወለውል፣ ከመርጫው የወጣውን የሳሙና ውሃ ነፋስ እየመለሰ ፊቴ ላይ ያሳርፈዋል። ያን ጊዜ እጄ ቀጥ ይላል። ሽታው ወደ ጎመን ማሳችን ይወስደኛል።

አባቴ ከወሎ መጥቶ መቀሌ የቀረ ሰው ነበር። ከእንዳ ኢየሱስ ቁልቁል በተከራያት መሬት ጥቅል ጎመን ይተክላል። በዚያ ዓመት ጎመኑን ክሽክሽ ወረረው፤ ቅጠል እየመጠጡ የሚያጠወልጉ ደቃቅ ነፍሳት። መድኃኒቱን በውሃ በጥብጦ ቢረጭ ቅጠሉ ሰም የተቀባ ይመስል አልቀበል አለ፤ ጠብታው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ መሬት ገባ። ፈሳሽ ሳሙና ሲጨምርበት ውሃው ቅጠሉ ላይ ተዘርግቶ ያዘ። ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ከመርጫው የሚወጣው እንደ ጉም ደቀቀና ነፋሱ ይዞት ሄደ። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የጎረቤታችን ቀፎዎች ነበሩ።

ሴትየዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በማሩ ነው። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ መጣች።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ለጎመንህ ብለህ ንቦቼን ልትፈጅ ነው?»

«ኧረ በአላህ! ማሩን እኔም እወደው የለ?»

አልሳቀችም። እሱም መርጫውን ከጀርባው አውርዶ ተቀመጠ። ካልረጨ ጎመኑ ያልቃል፤ ከረጨ ንቦቹ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ መድኃኒት ያልገባበት የሳሙና ውሃ በጥብጦ ጠበቀኝ። ሰማያዊ ሹራቤ ላይ ጠብታ ቶሎ ይታያል።

«በነፋሱ በኩል ቁሚልኝ። ቀፎው አንቺ ነሽ።»

አጥሩ ሥር እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

«ነካሽ?»

«ነካኝ።»

«ድምፅ አውጪ እንጂ! ንብ እንኳ ካንቺ ይሻላል!»

ሰው ፊት አንገቴን የምደፋ ልጅ ነበርኩ። እዚያ ግን ጮኼ እመልስ ነበር። ሳሙናውን ቀነሰ፤ ነካኝ። በሌላ ቀን ከሳሙናው ጋር ትንሽ የምግብ ዘይት መትቶ ጨመረ፤ ጉሙ ሳሳ። እንዲህ እየሞከርን ከረምን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠብታዎቹ በብርሃኑ ውስጥ አንድ በአንድ ይታዩኝ ነበር።

አሁን እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። አባቴም የለም። ፊቱ አንዳንዴ ይጠፋብኛል፣ ድምፁ ግን አልጠፋም።

ያኔ ስንሞክር፣ አንድ ቀን ጠብታው ከበድ ከበድ እያለ እዚያው ጎመኑ ላይ ወረደ። ነፋሱ ባዶውን መጣ።

«ነካሽ?»

«አልነካኝም!»

ከአጥሩ ማዶ ስታየን የነበረችው ጎረቤታችን አላመነችም። «ነይ እስቲ ጓለይ፣ ልጄ» ብላ ሹራቤን ከአንገቴ እስከ እጅጌዬ በመዳፏ ዳበሰችው። «ደረቅ ነው!» አለችና እልል አለች። አባቴም ሳቀ።

እኔ ግን ተመልሼ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ከእንግዲህ እዚያ መቆም እንደማያስፈልገኝ ገብቶኝ ነበር። አባቴ አየኝ። መርጫውን እንዳዘለ በቦዩ መሐል እየተራመደ መጣና ጫፉን ከራሴ በላይ አቀና።

«እንኪ፣ ይሄ ደግሞ ያንቺ» አለኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጠብታው ሲወርድብኝ በቃ ሳልለው ቆምኩ።