ስምንተኛው ስም

ከአረብ አገር ስመለስ ሰው ሁሉ ልብስ ቤት ወይም ምግብ ቤት ትከፍታለች ብሎ ነበር የጠበቀኝ። እኔ የከፈትኩት ብየዳ ቤት ነው። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ወናፍ ሲያናፉ በኖሩባት ጎጆ ደጃፍ የብየዳ ማሽን ተከልኩ። የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የተሰበረ የባጃጅ አካል፣ የመጣውን ሁሉ እበይዳለሁ። አባቴ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መዶሻ አላነሡም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሥራዬን ይነቅፋሉ።

ሰፈራችን ከደብረ ታቦር አሮጌ ሰፈሮች አንዱ ነው። አምና ክረምቱ እንደወጣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ኮሚቴ አቋቋሙና መግቢያው ላይ የቀድሞ ታዋቂ ነዋሪዎች ስም የሰፈረበት የብረት ሰሌዳ እንዲቆም ወሰኑ። ሥራው ለእኔ መጣ። ወረቀቱን ይዘው የመጡት የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህር ነበሩ። ሰባት ስም ነው ያለው፤ አንድ ደጃዝማች፣ ሁለት የቅኔ መምህራን፣ አንድ ዳኛ፣ በቅሎዎቹ ምጽዋ ድረስ ይወርዱ የነበረ ነጋዴ፣ አንድ የጦር አዛዥ፣ እና ጉና ድረስ በእግሯ እየወጣች ስታዋልድ የኖረች አዋላጅ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅድመ አያቴ የሉም።

ቅድመ አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ከጉና ቁልቁል፣ ከይፋግ ሽቅብ፣ ማረሻው የዶለዶመበት ገበሬ ሁሉ እርሳቸው ደጅ ያድር ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንን በር ማጠፊያና መቀርቀሪያ የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ዛሬም ባጃጅ ውስጥ ገብታችሁ «የቀጥቃጩ ዳገት» ካላችሁ ሹፌሩ የት እንደሆነ አይጠይቃችሁም። ከሰባቱ መካከል መንገድ በስሙ የሚጠራ አንድም የለም።

ለምን እንደቀሩ መምህሬን ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ነገሩ ተነሥቶ እንደነበር፣ አንዳንዶቹ ቅር እንዳላቸው፣ ጊዜው ገና እንደሆነ በለዘብታ ነገሩኝ። ገባኝ። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል። አባቴ በመንገድ ሲያልፉ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሲሸፍኑ እያየሁ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት ምሳዬን የሚቀምስልኝ አልነበረም።

«መምህር፣ አባትዎ ያርሱበት የነበረው ማረሻ የማን ሥራ ነው?» አልኳቸው።

«የእሱ ነው» አሉ። ከዚያ «የእርሳቸው» ሲሉ ራሳቸውን አረሙ።

ሰሌዳውን እሠራዋለሁ አልኳቸው፤ የተስማማሁ መስሏቸው ሄዱ።

ያሰብኩትን ለአባቴ ስነግራቸው ይከለክሉኛል ብዬ ነበር። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሠርግ ቤት ሲጠሩ ሳይጠየቁ ጥግ ሄደው ይቀመጣሉ። እርሳቸው ግን ፊደሉን በቀለም ልጽፈው እንደሆነ ጠየቁኝ። በፌሮ ነው የምበይደው፣ ሰባቱንም ስምንተኛውንም አልኳቸው።

«እንግዲያው የእርሳቸውን ከሌላው አታሳንሺ» አሉኝ። «እንዳታስበልጪም።»

ተነሥተው መዶሻቸውን ከተሰቀለበት አወረዱ። ያን ቀን የመጀመሪያዋን ፊደል ያቀኑት እርሳቸው ናቸው። ሁለቴ አውራ ጣታቸውን መቱ፤ ሁለቴም ሳቁ።

አራት ቀን ፈጀብኝ። ቀጭን ፌሮ እያጠፍኩ ፊደል በፊደል ላሜራው ላይ በየድኩ። በደጃዝማቹ ስም ውስጥ ያለችው «ቋ» አንድ ሙሉ ጠዋት በላችብኝ። ሰባቱን ነጥብ በነጥብ ያዝኳቸው፤ ስምንተኛውን ግን ዙሪያውን ነው የበየድኩት፤ ሊነቅለው የሚፈልግ ላሜራውን አብሮ ይቀደው ብዬ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰሌዳውን መግቢያው ላይ ስተክል ያለበስኩት መሸፈኛ ተገፈፈ። ከኮሚቴው አንድ ባለ ጋቢ ሽማግሌ ስሞቹን ጮክ ብለው እያነበቡ ወረዱና ሰባተኛው ላይ ቆሙ። ስምንተኛውን በዓይናቸው አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ የቡዳ ስም ከደጃዝማች ስም ጋር በአንድ ሰሌዳ አይውልም፣ ዛሬውኑ ይነሣ አሉ። መምህሬ መሬት መሬት ያያሉ።

ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«እንግዲያውስ የቤተ ክርስቲያኑንም በር ንቀሉት» አልኩ። «ማጠፊያው የእርሳቸው ነው። ዛሬ ሁላችሁም በእርሱ አልፋችሁ ነው ያስቀደሳችሁት።»

አባቴ ከሰው ኋላ፣ እንደ ልማዳቸው ጥግ ቆመው ነበር። ሰዉን እየሰነጠቁ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሰሌዳውን ተደግፈው ሁሉንም ተራ በተራ አዩ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ፤ ሌላውም ቀስ በቀስ ተበተነ።

በሳምንቱ ስምንተኛውን ስም በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ አገኘሁት። ማን እንደቀባው እስከዛሬ አላውቅም። ሁለት ደንበኞቼ በር የሚያሠሩት ሌላ ቦታ ሆኗል፤ ሽማግሌውም ሰላምታዬን አይመልሱም። አይመልሱ። ፌሮን ደግሞ ቀለም አያጠፋውም። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ከስምንቱ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው። የመጣ እንግዳ ሁሉ ሰባቱን አልፎ ይህ ለምን ተቀባ ብሎ ይጠይቃል፤ ጠያቂ ካለ ነጋሪ አይጠፋም። መምህሬም አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ ለመጡ ተማሪዎች፣ እዚያው ቆመው፣ ቅድመ አያቴን አንቱ እያሉ ሲተርኩ ሰምቻቸዋለሁ።

አባቴ አሁን ከቅዳሴ መልስ ሰሌዳው ዘንድ ሳይደርሱ ቤት አይገቡም። በአንዱ እሑድ ብሩሽና ቀለም ማስለቀቂያ ላዘጋጅና ቀለሙን ልፋቀው አልኳቸው።

«ተይው» አሉኝ። «የቀባው ሰው ፊደል በፊደል አንብቦ ነው የቀባው።»