ያባረርኩት አባት

ትናንት ከመስኮቴ ሥር ወጣቶች ሲያጨሱ፣ ሱዳኖች ባንጎ የሚሉት የሐሺሽ ሽታ ቤቴ ገባ። እርጥብ ሣር ሲቃጠል የሚሸተውን ይመስላል። ሽታው ሱዳን፣ ገዳሪፍ መለሰኝ።

የረሃቡ ዘመን ነበር። አባታችን መንገድ ላይ ሞቶ፣ እናቴ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ይዛ በመተማ በኩል ተሻገረች። እኔ አሥራ አራት፣ እሱ አሥራ ሰባት ዓመታችን ነበር። ሦስታችንም ሰሊጥ አጨዳ ገባን። ከእርሻው መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጥ ያገራችን ሰው ነበር፤ ከሻዩ ጋር ባንጎም ይሸጣል። ለወንድሜ የመጀመሪያውን በነጻ ሰጠው። «ረሃብህን ያስረሳሃል» አለው። ወር ሳይሞላ ወንድሜ ዓይኑ ደፈረሰ፤ የእርዳታ ማሽላችንን እየሰረቀ ይሸጥ ጀመር።

የሰውየውን የሣር ዳስ ላቃጥል ክብሪት ይዤ ስወጣ እናቴ በር ላይ ያዘችኝ።

«አንቺ ከታሰርሽ ይህን ልጅ ከማን ጋር ሆኜ ልያዘው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ብቻውን አልተውነውም። ስናጭድ ከመሐላችን እናደርገዋለን፤ እሱ ሳይመጣ እህል አንቀምስም። ሲሰድበን እናቴ አትመታውም፤ «ዛሬ ምን አስከፋህ?» ትለዋለች። ላብ አጥምቆት ሲንቀጠቀጥ ጀርባውን ታሸዋለች። ክረምት ሲገባ እንደ ድሮው ሲስቅ ሰማነው።

በዓመቱ ሻይ ሻጩ በራችን ላይ ቆመ። አንድ ልጁ ከዳሱ እየሰረቀ ማጨስ ጀምሮ ኖሯል።

«እናትሽ የለችም? ወንድምሽን እንዴት አድርጋ እንደመለሰችው ብትነግረኝ ብዬ ነው» አለ።

እናቴ ውሃ ወርዳ ነበር። ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ተወው፣ ረሃቡን ያስረሳዋል» አልኩትና በሩን ዘጋሁበት። አልዋሽም፣ እንደዚያን ቀን ምሳ የጣፈጠኝ ምሳ የለም።

በሦስተኛው ቀን ለእናቴ በኩራት ነገርኳት። ነጠላዋን አንስታ ወደ ሰውየው ዳስ ሄደች። ስትደርስ ልጁ በጭነት መኪና ሄዷል፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልነበረም። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ወንድምሽን ስጠብቅ አንቺን ሳልጠብቅ ቀረሁ» አለችኝ።

ሰውየውን ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ልጁ ግን ምንም አልበደለኝም። የውሃ ጉድጓዱ ዳር ሲያገኘኝ ባልዲዬን ያሸክመኝ ነበር፤ ውሃው እንዳይፈስብኝ ቀስ አድርጎ።