ጀልባዬ ተሸናፊ አትጭንም

ንጋት፣ ካባላጋላ

ከሰፈራችን ከካባላጋላ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ እኔ፣ ልጄ ናቲና ከምግብ ቤቴ ፍሪጅ የወጣ፣ ድንጋይ የመሰለ አንድ የቀዘቀዘ ዓሣ። የምንሄደው ጋባ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ነው። ወደ ሐይቅ ዓሣ ይዞ የሚሄድ ሰው አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። ተማሪዎች ፊልም ሲሠሩ ግን እንዲህ ነው።

ናቲ የሚማርበት ኮሌጅ በኮሮና ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት፣ ልጆቹ አጭር ኮሜዲ ሠርታችሁ አምጡ ተባሉ። ታሪኩ ሁለት ባላንጣ ዓሣ አጥማጆች በአንድ ዓሣ ሲጓተቱ ነው። አንደኛው ባላንጣ ናቲ ነው። ዋና ተዋናይ ከተባለ ወዲህ እንኳን ሌላው፣ እኔም ስጠራው ቶሎ አይሰማም።

ታክሲ ውስጥ፣ ‹‹ዋና ትችላለህ?›› አልኩት።

‹‹እችላለሁ ብያቸዋለሁ።››

‹‹እኔ የጠየቅኩህ ትችላለህ ወይ ነው።››

ጭምብሉን እስከ ዓይኑ ስቦ የተኛ መሰለ። ልጄ እሱ ብቻ ነው። ምግብ ቤቱን ለሠራተኛዬ ትቼ የተከተልኩት ለዚህ ነበር፤ ለእሱ ግን ‹‹ምሳ ላበላችሁ ነው›› ብዬዋለሁ።

ማለዳ፣ ጋባ

ቀለም የተቀቡ የእንጨት ጀልባዎች፣ ሙኬኔ የሚሉት ጥቃቅን ዓሣ የተሰጣበት አሸዋ፣ ከሰል ላይ የሚቁላላ ማቶኬ የሚሉት ጥሬ ሙዝ፣ የዓሣ አንጀት የሚጠብቁ ራሰ በራ አሞራዎች። የፊልሙ አዘጋጅ የናቲ የክፍል ጓደኛ ናት፤ ፔሸንስ ትባላለች። ትርጉሙ ትዕግሥት ነው፤ ከስሟ ጋር ግን አይተዋወቁም። ከኦዊኖ የልባሽ ጨርቅ ገበያ ደህና ሸሚዝ ገዝታ፣ ዓሣ አጥማጅ እንዲያስመስል ብላ በመቀስ ቦጫጭቃዋለች። እውነተኞቹ ዓሣ አጥማጆች ደግሞ ንጹሕ የእግር ኳስ ማልያ ለብሰው፣ ቡትቶ የለበሰውን ልጄን በሐዘኔታ ያዩታል። አንዷ ማቶኬ ሻጭ ቁርስ ልትሰጠው ተነሣች።

ሁለት ጀልባ ያስፈልግ ነበር። አንዱ የሳሎንጎ ነው፤ የመንታ አባት ስለሆነ እንዲህ ይሉታል። ሌላው የሙሳ ነው። ማቶኬ ሻጯ እንደነገረችኝ ሁለቱ በመረብ ስርቆት ተካሰው ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

ሳሎንጎ ታሪኩን ከሰማ በኋላ፣ ‹‹ማን ያሸንፋል?›› አለ።

‹‹በእርስዎ ጀልባ ያለው›› አለች ፔሸንስ።

‹‹ይሁን። የእኔ ጀልባ ተሸናፊ አትጭንም።››

ከዚያ ወደ ሙሳ ሄዳ ያንኑ ቃል ገባችለት። ኮሌጁ ይህንን ‹‹ፕሮዳክሽን ማኔጅመንት›› ይለዋል አሉ።

የሕይወት ጃኬት ጠየቅኩ። ‹‹ምስሉን ያበላሸዋል፤ ደግሞ ኮሜዲ ነው›› አለችኝ። ሐይቁ ኮሜዲ መሆኑን ማን ይንገረው?

ረፋድ፣ ውኃው ላይ

ናቲ በሳሎንጎ ጀልባ፣ ጓደኛው ብራያን በሙሳ ጀልባ ሆነው ራቁ። ፔሸንስ ከዳር ‹‹አሁንም ራቁ!›› ትላለች። ዓሣዬን በመረብ ጠቅልለው መጓተት ጀመሩ። ሳሎንጎ ከዳር ‹‹ሳብ!›› አለ። ሙሳም ‹‹እንዳትለቅ!›› አለ። ልጆቹ ጽሑፉን ረስተው የምር ተያያዙ። መረቡ ተቀደደ፤ ናቲ በጀርባው ውኃው ውስጥ ገባ።

ብራያን መቅዘፊያው ከእጁ ወድቆ ይጮኻል። የናቲ ጭንቅላት ወጣ፣ ጠለቀ። ቀጥሎ እጁ ብቻ ወጣ። እኔ እስከ ወገቤ ገብቼ ነበር፤ ሴቶቹ ቀሚሴን ይዘው አስቀሩኝ።

ዳር የቀረችው አንድ ጀልባ ብቻ ነበረች። ሳሎንጎና ሙሳ እኩል ዘለው ገቡባት። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ሲቀዝፉ ጀልባዋ እዚያው እንደ ወፍጮ ዞረች። ልጄ እየሰመጠ፣ እነሱ እየዞሩ!

‹‹አንተ ግትር፣ በግራህ ቅዘፍ!›› አለ ሙሳ። ከስንት ዓመት በኋላ ለሳሎንጎ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ሳሎንጎ በግራው ቀዘፈ። ደረሱ። አንዱ በክንዱ፣ ሌላው በሱሪው ይዘው ጎተቱት፤ ከዚያም ‹‹እኔ ነኝ መጀመሪያ የያዝኩት›› እያሉ ናቲን በመሃላቸው አጋድመው ጭቅጭቁን ቀጠሉ።

ጀልባዋ ዳር ደርሳ ወደ ልጄ ስሮጥ ፔሸንስ ከካሜራዋ ጀርባ ጮኸች፤ ‹‹ማማ ናቲ፣ እባክዎ ከካሜራው ፊት ዞር ይበሉ!››

የመለስኩላትን እዚህ አልጽፍም። በአማርኛ ነበር፤ የገባት ይመስለኛል።

ናቲ ውኃ ተፍቶ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ዓይኑን ገለጠና፣ ‹‹ማሚ፣ ጥሩ ተጫወትኩ?›› አለኝ።

ከሳምንታት በኋላ፣ ኮሌጁ

ዳግመኛ ጉዞ፤ አሁን ወደ ፊልሙ ምረቃ። ናቲ ሙሉ ልብስ፣ እኔ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሰን ሁለተኛው ረድፍ ተቀመጥን። ከፊታችን ሳሎንጎና ሙሳ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ።

ናቲ የተለማመደው ንግግር ሁሉ ተቆርጦ ወጥቷል። ፊልሙ ማለት በቃ ሁለቱ ሰዎችና የምትዞረው ጀልባ ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ልናገር፣ ጀልባዋ ስትዞር እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ያቺ የናቲ እጅ ከውኃው ወጣች፤ ጭንቅላት የሌላት፣ ብቻዋን። ፔሸንስ የሰርከስ ሙዚቃ ጨምራበታለች። ሰዉ ይበልጥ ሳቀ። አስተማሪዎቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ሳሎንጎና ሙሳ አልሳቁም፤ ሳሎንጎ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። እኔ ሳላውቀው ቆሜያለሁ፤ ‹‹ልጄን!›› ብያለሁ። በዚያም ተሳቀ።

ናቲ ክንዴን ሳበኝ። ‹‹ማሚ፣ ተቀመጪ። እዚህ ነኝ።››

ፊቱን አየሁት፤ ከንፈሩ ደርቋል። እሱም ያቺን እጅ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ፔሸንስ አንደኛ ወጣች። መድረክ ላይ ሆና ‹‹ዋና ተዋናያችን!›› ብላ ስትጠራው እኛ በር ላይ ነበርን። ታክሲው እስከ ካባላጋላ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ የክፍል ጓደኞቹም ተሳፍረዋል። ያን ሁሉ መንገድ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰው ጎረምሳ እጄን ይዞ ሄደ፤ ሰው ያየኛል አላለም።