ቆርቆሮው ላይ የጻፍነው ሰፈር

ያ ቆርቆሮ አሁንም እዚያው ተሰቅሏል። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ፣ ከቤታችን በታች፣ መንገዱ ወደ ደረቁ ወንዝ ሲያዘቀዝቅ አንድ ገላጣ ሜዳ አለ። ሜዳውን ያጸዳነው እኛ ነን። ቆርቆሮውንም የሰቀልነው እኛው ነን፤ የጻፍንበት ቃል ግን ዞሮ እኛኑ መታን።

ወላጆቼ ከሀርጌሳው ጦርነት ሸሽተው ድሬዳዋ ገቡ፤ እኔም እዚያው አደግኩ፣ እዚያው ተማርኩ። ዘመዶቼ «ወደ ሀርጌሳ ተመለሰች» ይሉኛል። ኖሬበት ወደማላውቀው ከተማ እንዴት ተደርጎ እንደሚመለሱ የነገረኝ ግን የለም። አሁን ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ቤታችን ሶማሊኛ ይነገር ስለነበር ቋንቋው አይቸግረኝም፤ ሆኖም ደንበኛው መድኃኒቱን ተቀብሎ ሳይጨርስ «ከሐበሻ አገር ነሽ አይደል?» ይለኛል። ስድብ አይደለም ይላሉ። ስድብ ካልሆነ ለምን ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ አላውቅም።

እዚህ ቤት ስንገባ ሜዳው ቆሻሻ መጣያ ነበር። የሕፃን ዳይፐር፣ የጫት ገረባ፣ የተሰበረ ወንበር፣ ከዒድ በኋላ ደግሞ የበግ አንጀት ሳይቀር ይደፋበታል። ነፋስ ሲነሳ ፌስታሉ ሁሉ ግቢያችን ይገባል። ክምሩ ሲበዛ እሳት ይለቁበታል፤ ያን ቀን እናቴ ስትስል ታድራለች። ከሁሉ የሚያናድደኝ የሰዎቹ ድፍረት ነበር። ባለ ፎቅ ቤት ያላት አንዲት ጎረቤታችን በጠራራ ፀሐይ ቆሻሻዋን በጋሪ አስገፍታ ትመጣና፣ እዚያው ቆማ እያስደፋች፣ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ እናትሽ ተሻላቸው?» ትለኛለች። «ወዓለይኩም ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ» እላታለሁ ጥርሴን ነክሼ። ሌላ ምን ልበላት? ያሳመማት ማን ሆነና።

ማጽዳቱን የጀመረችው የወሎዋ ልጅ ናት። ከግቢያችን አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ በየቤቱ እየዞረች ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች። አንድ ዓርብ ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ ሜዳው መሃል ጎንበስ ብላ ቆሻሻውን ማዳበሪያ ውስጥ ስትከት አገኘኋት።

«ምን ነካሽ? ማን አዘዘሽ?» አልኳት።

«የሰው ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ጥቀርሻው ያርፍበታል፣ እንደገና አጥባለሁ። እስከ መቼ፣ እህቴ? ደግሞስ ሰፈራችን አይደል?»

ሰፈራችን አለች። ድሬ ላይ ሰው ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው ሰፈሩን ነው። ተጣላህም ታረቅህም ሰፈርህ ሰፈርህ ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነበር የምጠየቀው፤ ሰፈሬን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቤት ተመልሼ አካፋ ይዤ ወጣሁ። እናቴን አቧራው ያሳምምሻል ብንላት «እናንተ መጥረግ መች ታውቃላችሁ» ብላ መጥረጊያዋን ይዛ ተከተለችን።

ከዚያ ሌሎችም መጡ። በበርበራ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ የአዳማ ሰው ነበር፤ እቤቱ ባደረባቸው ዓርቦች ይመጣና፣ ከሚሠራው ይልቅ ቆሞ እኛን «ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ፣ በቃ» እያለ ማዘዝ ይወድዳል። እናቴ መጥረጊያውን ወደ እግሩ ስትሰነዝርለት ነው የሚጎነበሰው። እንደኔ ኢትዮጵያ ያደገች ልብስ ሰፊም ነበረች። ከጁምዓ ሶላት በፊት እንጠርጋለን፣ የሞሉትን ማዳበሪያዎች የአህያ ጋሪ መጥቶ ይወስዳቸዋል። የሚጥሉት ሰዎች ግን አልቆሙም። አንዱን ጥግ ስንጨርስ ሌላው ጥግ ተደፍቶ እናገኘዋለን።

«ባለቤት የሌለው መስሏቸው ነው። ስሙን እንጻፍበት» አለ ሹፌሩ፤ በሳምንቱም ቆርቆሮና ቀለም ይዞ መጣ።

በአማርኛ ብንጽፍ ማን ያነበዋል? ልብስ ሰፊዋ «ሳፋርኬና» በል አለችው። እኛ ቤት ሶማሊኛውና አማርኛው አንድ ድስት ውስጥ ነው የበሰለው። «ሰፈር» የሚለውን የአማርኛ ቃል እንወስድና የሶማሊኛ ጅራት እንቀጥልበታለን፤ ሳፋርኬና ማለት ሰፈራችን ማለት ነው። ድሬ ላይ እናቴም፣ አባቴም፣ ጎረቤቱም እንደዚያ ነበር የሚሉት። ሹፌሩ በላቲን ፊደል፣ በነጭ ቀለም፣ ከመንገዱ እንዲታይ አድርጎ ጻፈው። ሁላችንም ቆመን አየነው፣ ሁላችንም አማረብን አልን። የሀርጌሳ ሰው ሰፈርን በሌላ ቃል እንደሚጠራ፣ በሶማሊኛ ሳፋር ማለት ጉዞ እንደሆነ፣ ሶማሊኛ ከምንናገረው መካከል የማያውቅ አልነበረም። አንዳችንም ግን ትዝ አላለንም። እኛ «ሰፈራችን» ብለን የሰቀልነውን የአገሬው ሰው «ጉዟችን» ብሎ አነበበው።

መጀመሪያ ድንበር ድረስ፣ ወጃሌ፣ ሰው የሚያመላልስ አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ለምን እዚህ ቆምክ ስለው ባለ ሚኒባሱ በአገጩ ወደ ቆርቆሮው አመለከተና «የመንገደኛ ቦታ አይደል?» አለኝ። እየሳቅኩ አስረዳሁት። እሱም ሳቀ፤ ግን አልሄደም። ደልዳላ ሜዳ፣ የተጠረገ፣ በዚያ ላይ ጽሑፍ ያለው፤ ለምን ይሄዳል? ብዙም ሳይቆይ ጓደኞቹን አመጣ። የጠረግነው ላይ ዘይት ፈሰሰ፣ የውሃ ፕላስቲኩ ተበተነ፣ ወንዶቹም ግድግዳችን ሥር መሽናት ጀመሩ። እናውርደው አልኩ። የወሎዋ ልጅ እምቢ አለች።

«ሰፈራችን ነው የሚለው። ለምን ይወርዳል?» አለች።

በዚያው ሰሞን የተከራየችበት ግቢ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት የውጭ ሰው ያለ ዋስ አላስቀምጥም፣ የሰፈሩ ቢሮ አውቃታለሁ ይበለኝ አለ። ሼክ ኑር የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄዳ ሌላ ክፍል ጠየቀች፤ እዚያም ዋስ አሏት። እኔ ልሁናት ብዬ ወደ አዲሱ የግቢው ባለቤት ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንቺም እኮ ከእነሱ ነሽ» አለኝ። ቆሽቴ አረረ። እሷ ግን አልተከፋችም፤ እንዲያውም ደስ ያላት ትመስል ነበር።

«ቢሮው ሜዳው ፊት ለፊት አይደል? ዓርብ ዓርብ ስጠርግ በመስኮት ያዩኛል። ማን የማያውቀኝ አለ?»

አብረን ሄድን። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ተቀበለን። ሁለት ጉዳይ ይዘን ነበር፤ መኪኖቹ ከሜዳው እንዲነሱና ለእሷ ቃሉን እንዲሰጥላት።

«ያ ሜዳ እኮ አዶፕት ተደርጓል» አለ፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ። «በጎ ፈቃደኞች ተረክበውታል። ፕሮጀክት አለው። የመኪናውንም ነገር እነሱ ያዩታል።»

ጉዲፈቻ መሆኑ ነው። እናትየዋ አጠገቡ ቆማ ልጇን ለሌላ ሲሰጡባት አይቼ አላውቅም።

«ያጸዳነው እኛ አይደለንም? በዚህ መስኮት ስታየን አልነበረም?» አልኩት።

«አይቻለሁ፣ እህቴ። አላህ ይስጣችሁ። ግን እናንተ ማን ተብላችሁ ትታወቃላችሁ?»

«እሷንስ አታውቃትም? የለበስከውን ሸሚዝ ያጠበችው እሷ ናት።»

ወደ እሷ አንዴ አየት አደረገና ዓይኑን በጨው አጥቦ መለሰልኝ። «ሥራዋን አልክድም። ነገር ግን መንገደኛ ናት። ለመንገደኛ እንዴት አድርጌ ቃል እሰጣለሁ? ራሳችሁ ጽፋችሁታል እኮ። ሳፋርኬና አላችሁ።»

የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። ያ ቃል በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ነገርኩት፣ ደጋግሜ ነገርኩት፤ «እዚህ አገር አማርኛ አናነብም» አለኝ። የእሷ ሶማሊኛ የሳሙናና የባልዲ ሶማሊኛ ነው፤ ፊቴን አይታ «ምን አለ?» አለችኝ። መንገደኛ ናችሁ አለ አልኳት። ሻርፗን ራሷ ላይ አስተካከለችና ተነስታ ወጣች። እኔ እዚያ ቀርቼ ያልኩትን አልጽፈውም፤ እናቴ ብትሰማ ኖሮ ግን አፌን በሳሙና ታጥበኝ ነበር።

በጎ ፈቃደኞቹ አንድ ጠዋት መጡ። ልጆቹ ላይ ቂም የለኝም፤ ተጠሩ፣ መጡ። የሚያብለጨልጭ ሰደርያ ለብሰው፣ ባነር ዘርግተው፣ ፎቶ አንሺ አስከትለው ነበር። ለፎቶው ሲባል መኪኖቹ ለጊዜው ዞር እንዲሉ ተደረገ፤ ለካ ይቻል ኖሯል። ችግሩ ሜዳው ንጹሕ መሆኑ ነበር። ፎቶ አንሺው የሚነሳ ቆሻሻ የለም ብሎ አጉረመረመ። ታዲያ ምን አደረጉ? ጋሪ እንዲወስዳቸው አስረን ጥግ ላይ ካቆምናቸው ማዳበሪያዎች አንዱን ፈትተው ሜዳው ላይ ዘረገፉት።

«ልጆቼ፣ የሞላነውን ነው የምትደፉት?» አለች እናቴ ከበሩ ላይ። ሰው እንዳልተናገረ አለፏት። የቢሮው ሰው ሰደርያ ለብሶ መጥረጊያ ያዘ፣ ፎቶ ተነሳ፣ መጥረጊያውን ለሌላ ሰጠ። ከዘረገፉት ግማሹን ለቅመው ግማሹን ትተውት ሄዱ። መኪኖቹ ከዙህር ሶላት በፊት ተመለሱ። የቀረውን የጠረገችው የወሎዋ ልጅ ናት።

የቤቱ ቀነ ገደብ ሲደርስ ወደ አገሯ ለመመለስ ወሰነች። ለመንኳት፤ እኛ ቤት ግቢ አልኳት፣ እናቴም አለቀሰች። «በሰው ቤት ተደብቄ አልኖርም። ሰርቄ እንኳ አላውቅ» አለች።

የሄደችው ዓርብ ጠዋት ነው። የወጃሌው ሚኒባስ የሚነሳው ከዚያው ከሜዳችን ነው። ወደ ዋናው መናኸሪያ በባጃጅ ላድርስሽ ብላት «ከሰፈሬ ልነሳ» አለች። እስኪሞላ ድረስ ቆመን ጠበቅን። እግሯ ሥር የወደቀ የውሃ ፕላስቲክ ነበር፤ አነሳችና የምትጥልበት ስታጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች።

«ሰፈራችን ነው የሚለው» አለችኝ። «ማንበብ ያቃታቸው እነሱ ናቸው።»

ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ረዳቱ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ በሩን ይዞ እኔ ላይ አፈጠጠ።

«አንቺስ፣ ትሄጃለሽ?» አለኝ በሶማሊኛ።

ያን ሁሉ ቀን የዋጥኩት ንዴት ሁሉ አንዴ ወጣ፤ በሶማሊኛ መመለስ እንኳ ትዝ አላለኝም። «የት ልሂድ?» አልኩት በአማርኛ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኼ። «ሰፈሬ ነው። ሰፈሬ ነው እኮ የምልህ።»

ከተናገርኩት ሁሉ የሰማው አንዲቷን ቃል ነው፤ ሳፋር። ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ዞሮ ጠጋ ጠጋ በሉ አላቸው፤ ከዚያ ከእሷ አጠገብ ያለውን ወንበር በእጁ አራግፎ ቦታ ለቀቀልኝ።