ሁለት ጣት የጎደለ ትከሻ

ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሩ» ይለዋል፤ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ። ልብስ ሰፊ ነው። የሰው ትከሻ የቱ ወገን ዝቅ እንደሚል ከሩቅ ያውቃል፤ አውቆም ዝም ይላል። በጎደለው በኩል ከገበሩ ሥር ስፖንጅ ደርቦ ይሰፋና ባለቤቱን አቃንቶ ይሸኛል። እንዲህ ተቃንቶ፣ ቀጥ ብዬ ተፈጠርኩ ብሎ የሚንጎራደደውን ሰው ቤት ይቁጠረው። እሱ ራሱ ሐሩር ቢሆን እንኳ ኮቱን አያወልቅም።

ከሱቁ ፊት ለፊት ክርና የልብስ ቁልፍ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ልብሷንም የሚሰፋላት እሱ ነው። ቁልፍ ሲያልቅበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ሳያልቅበት፣ መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል። መሳቢያው በማይፈልጋቸው ቁልፎች ጢም ብሏል። በስምንት ዓመት ውስጥ ግን «ባለ ሁለት ቀዳዳ ይሁን ባለ አራት?» ከማለት ያለፈ ጨዋታ አልነበራቸውም። የስፌት መኪናውን እየረገጠ ብቻ ያንጎራጉርላታል፦

ጎደለች ይሏታል ጨረቃን ሲያዩዋት፣
ግማሿን ሸሽጋ ማን ገልጦ ሊያያት።

ይህን አንድ ቀን እነግራታለሁ እያለ ፀጉሩ ሸበተ።

በመጀመሪያ ሌላ ሰው ሆኖ ሞከረ። ሽቶ ተቀባ፣ ስለ ኳስ አወራ፣ ከጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ የተዋሰውን ቀልድ ጀመረላትና መጨረሻው ጠፋበት። እሷ በጨዋ ደንብ «ከዚያስ?» ብላ ጠበቀችው። ደርዘን ቁልፍ ገዝቶ ወጣ።

ታላቅ እህቱ ይህን ስትሰማ በሐዘኔታ አየችው። «ወንድምዓለም፣ ራስህን ሁን። እውነትህን ንገራት፤ ሰው እውነት ይወዳል» አለችው። ሁለት ባል የፈታች ናትና፣ ሰው ምን እንደሚወድ ታውቃለች ተብሎ ይታመናል።

በማግስቱ ግጥሙን ምላሱ ላይ ይዞ ተሻገረ። ሴትየዋ ካፖርቷን ወንበር ላይ ጥላ፣ ከመደርደሪያው ሳጥን ልታወርድ ተንጠራራች። ዐይኑ ትከሻዋ ላይ አረፈ። እውነትህን ንገራት ተብሎ የለ፤

«ቀኝ ትከሻዎ እኮ በሁለት ጣት ዝቅ ይላል» አላት። «ስምንት ዓመት ሙሉ ስፖንጅ እየደረብኩ ያቃናሁት እኔ ነኝ።»

ለእሱ ይህ የፍቅር ቃል ነበር። ከእናቷ በቀር ይህን ያህል ልብ ብሎ ያያት ማን አለ? እሷ ግን ሳጥኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ቁልፍ አልቋል አለችው፤ ሦስት መቶ ዓይነት ቁልፍ ከጀርባዋ ተደርድሮ።

ከዚያ ወዲያ በመስኮቱ ያያታል። ስፖንጁን ነቅላ ጥላው ኖሮ፣ ካፖርቷ በቀኝ በኩል ሟሽሾ ነበር። ማንጎራጎሩን ተወ፤ የአንዱን ደንበኛ ግራ እጅጌ በቀኝ ሰፋ። አጥቻታለሁ ብሎ ለእህቱ ቢያማርር፣ «ራስህን ሁን አልኩህ እንጂ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ሁን አልኩህ?» አለችው።

በአራተኛው ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት፣ ሴትየዋ ካፖርቷን በክንዷ፣ ስፖንጁን በጭብጧ ይዛ ገባች። አልጣለችውም ኖሯል።

«ሦስት ሳምንት ራሴን ሆኜ ሄድኩ» አለች። «ያየኝ ሁሉ አሞሽ ነው ወይ ይለኛል። መልሰህ ስፋው።»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዷን ሰማ፤ ንዴት ይሁን ቅርበት አልለየውም። መርፌው ክር አልቀበል አለው።

«አንተስ?» አለችው። «የት ላይ ነው የምትጎድለው?»

ቀልድ ፈለገ፤ የተዋሰው ሁሉ አልቋል። ኮቱን አወለቀና ገበሩን ገለጠላት። በግራ በኩል ሦስት ድርብ ስፖንጅ አለ። በሸሚዝ ብቻ ሲቆም፣ ማጠፊያው እንደላላ በር ወደ አንድ ወገን ዘመመ።

ሴትየዋ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዳ ለካችው።

«ሦስት ጣት ተኩል» አለች። «በዚህ ትከሻህ ነው የእኔን ሁለት ጣት ስትታዘብ የኖርከው?»

ከዚያም ስፌቱ እስኪያልቅ ድረስ የደንበኛ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ካለቀም በኋላ አልተነሣችም።

ዛሬ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ነው። እህቱ ባየቻቸው ቁጥር ራስን መሆንን የመሰለ ነገር የለም ትላለች፤ እሱም የኮቱን ትከሻ ዳሰስ አድርጎ፣ እውነትሽን ነው ይላታል። ግጥሙን ግን እስካሁን አልነገራትም። ሁሉንም በአንድ ቀን መሆን አይገባም።