ያረረው የኩሱማ ሩዝ

ጉናዳሳ በማታሌ ባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት ሲያበስል ያረጀ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የመንደሩ ድግስ ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል፤ ምላሱ ግን ከሚወቅጠው ቃሪያ ይብሳል። በኮኮናት ወተት የሚሠራው ሩዝ ረግቶ እኩል እኩል ተቆርጦ ካላማረ ለሰው አያሳይም። ሚስቱ ኩሱማ ደግሞ ወሬ ወዳድ ነበረች። ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ ስትጫወት ሩዙ ያርርባታል። ዕድሜውን ሙሉ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ድስትም አፍም መክደን አታውቂም» እያለ ሲነዘንዛት ኖረ፤ እሷም እየሳቀች የድስቷን ቂጥ ትፍቃለች።

አምና ሞተች። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ጉናዳሳ መነኮሳቱን ጠራ። እነሱን ማብላት በረከት አለው፤ በረከቱም ሟቿን ዳግም ወደምትወለድበት ሕይወት ይከተላታል። ችግሩ መነኩሴ ቀትር ካለፈ እህል አይቀምስም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጉናዳሳ የኩሱማን ፎቶግራፍ በአበባ ሲያስጌጥ ቆይቶ ወደ ማድቤት ቢመለስ ሩዙ አርሯል። የኩሱማ እህት ሊላ መነኩሴ ጣዕም አያማርጥምና ይቅረብ አለችው።

«ዕድሜዋን ሙሉ ያረረ አትስጪኝ እያልኩ ስነዘንዛት ኖሬ፣ ዛሬ ለእሷ ያረረ ላቅርብ? ዞር በይልኝ!»

አዲስ ኮኮናት ፈቀፈቀ፤ አዲስ ድስት ጣደ። ያረረበት ያማስላል አይደል የሚባለው፤ ላቡ እየተንጠባጠበ ሲያማስል ቆየ። የሚያምረውን ሩዝ በሙዝ ቅጠል ላይ ደርድሮ ሲወጣ ግን ፀሐይ ከአናት አልፋለች፣ መነኮሳቱም እጃቸውን ይታጠባሉ። የኩሱማን በረከት በገዛ ግትርነቱ ያስቀረው መሰለው።

«ተቀመጥ» አሉት ሽማግሌው መነኩሴ ሬዋታ። «ሊላ አብልታናለች።»

«ያረረውን?»

«ያረረውን። የእምነታችን መሥራች የሆነው ልዑል ቤተ መንግሥቱን ጥሎ፣ እውነትን በረሃብ አገኛለሁ ብሎ አጥንቱ እስኪቆጠር ሲጾም፣ ያበላችው አንዲት የገጠር ሴት ናት፤ ያውም የወተት ሩዝ። ነፍሱ መለስ ሲልለት ነው በድሎትና በረሃብ መካከል ያለውን መንገድ ያየው። ያቺ ሴት እንዳንተ ሁለተኛ ድስት ብትጥድ ኖሮ፣ እሱ ዛፍ ሥር ሞቶ፣ እኔም ይሄኔ በሬ ስነዳ እውል ነበር።»

ቤቱ ሳቀ። ጉናዳሳ አልሳቀም።

«ሩዝ ማረሩ አይደለም ያሰቃየህ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የማይጨበጠውን ሙጭጭ ብለህ መያዝህ ነው። ሁሉም ያልፋል ልጄ። ሩዙም፣ ኩሱማም፣ እኛም።»

መነኮሳቱ ከሄዱ በኋላ ሊላ የተረፈውን ለዘመድ አዝማዱ አደለች፤ ለጉናዳሳም ከድስቱ ቂጥ የተፋቀውን አቀረበችለት። አንድ ጉርሻ ወሰደ። ጭስ ጭስ ይላል። አላመጠና ቆም አለ፤ ይህን ጣዕም ኩሱማ ከሞተች ጀምሮ አፉ ውስጥ አግኝቶት አያውቅም። ዕንባው ወረደ።

«በዛ እንዴ ማረሩ?» አለች ሊላ ደንግጣ።

«አይ» አለ ሳህኑን እየዘረጋ። «ጨምሪልኝ።»